የዘፈን ስንቅ፦ ከቤተሰብ ጋር ሀዋሳ ስትወርዱ መኪና ውስጥ ምን ይሰማ?

መንገድ ሲታሰብ ሁሉም የሚጨነቀው ለሆድ ነው። ዳቦ ቆሎ ተሠራ ወይ? ውኃ ተጫነ ወይ? ጎማ ተነፋ ወይ? ዘፈኑን ማንም አያስበውም። «ስልክ አለ አይደል» ይባላል። እኛም ባለፈው ዓመት እንደዚያ ብለን ወጣን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆችና አባዬ። ቱሉ ዲምቱ የክፍያ ጣቢያውን አልፈን ብዙም ሳንርቅ ኔትወርኩ ጠፋ፣ ስልኩ ላይ ያቺ ክብ ነገር መዞር ጀመረች፣ ሲመለስ ደግሞ ዘፈን ሳይሆን የሳሙና ማስታወቂያ ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ስልኩ በብሉቱዝ ከመኪናው ጋር እንደተያያዘ ጓደኛዬ ደወለች። ባለቤቴ ሰላም ሊላት ብሎ እሱ አነሳው፤ እሷ ግን አፏን ከመክፈቷ «አንቺ፣ ዕቁቡ እንደወጣልሽ ለባልሽ ነገርሽው?» አለች። በአራት ስፒከር።

አልነገርኩትም ነበር።

ከዚያ እስከ ሞጆ ዝም ተባለ። ከሞጆ እስከ ሀዋሳ ደግሞ ልጆቹ በዘፈን ተጣሉ። ዘንድሮ ግን አስቤበት ወጣሁ፣ ጉዞውም ሌላ ሆነ። የሠራሁትን እንደሠራሁት እነግራችኋለሁ፤ ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ ለሆነ መንገድ ነው፣ ወደ ሌላ ከተማ ለምትሄዱም ትንሽ አስተካክላችሁ ውሰዱት።

1. መጀመሪያ ቴፑን እወቁት

ከጉዞው ሦስት ቀን በፊት መኪናው ውስጥ ቁጭ በሉና ቴፑ ምን እንደሚቀበል እዩ። ፍላሽ ይወስዳል? ብሉቱዝ አለው? ወይስ ሲዲ ብቻ ነው? የመንገዱ ዕለት ጠዋት በ11 ሰዓት ይሄን መፈተሽ የጠብ መጀመሪያ ነው።

ሬዲዮ ላይ ብቻ የምትተማመኑ ከሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። መኪናው መጀመሪያ ለጃፓን ገበያ የተሠራ ከሆነ ሬዲዮው ብዙ ጊዜ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ድረስ ብቻ ነው የሚይዘው፣ እነሱ አገር ኤፍኤም የሚጀምረው ዝቅ ብሎ ስለሆነ። የእኛዎቹ ደግሞ ኤፍኤም አዲስ 97.1 ነው፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1። ቁልፉን እስክትሰለቹ ብታዞሩት አታገኟቸውም። ባለቤቴ ሁለት ዓመት ሙሉ «አንቴናው ተበላሽቷል» ሲል ኖሯል። አንቴናው ጤነኛ ነው።

ፍላሽም ብሉቱዝም ከሌለ ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካ ትንሽ ማስተላለፊያ ይሸጣል። ስልካችሁን ወይም ፍላሻችሁን ተቀብሎ በኤፍኤም ወደ ሬዲዮው ይልካል። እዚህም ላይ ያው የጃፓን ነገር አለ። ማስተላለፊያውን 100 ምናምን ላይ ካደረጋችሁት ያ ሬዲዮ አይሰማውም። ከ87.5 እስከ 90 መሀል ላይ ባዶ ቦታ ፈልጉ፣ ሁለቱንም እኩል ቁጥር ላይ አድርጉ፣ አለቀ።

እና እባካችሁ ስልኩን በብሉቱዝ ካያያዛችሁ የብሉቱዙ ማስተካከያ ውስጥ ግቡና ጥሪ የሚለውን አጥፉ፣ ሙዚቃ የሚለውን ብቻ ተዉት። ለምን እንደሆነ ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

2. ፍላሹን አዘጋጁ

ትልቅ ፍላሽ አትግዙ። የድሮ ቴፕ ከ32 ጊጋ በላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ ያኮርፋል። ፍላሹ «ፋት 32» በሚባለው አሠራር ፎርማት መደረግ አለበት፤ ኮምፒውተር ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ፎርማት ስትሉ ምርጫው ይመጣል። ዘፈኖቹም ኤምፒ3 ይሁኑ።

መጠኑ አያሳስባችሁ። በ128 ኪሎቢት የተቀመጠ ኤምፒ3 በደቂቃ አንድ ሜጋባይት ገደማ ነው የሚወስደው። አምስት ሰዓት ማለት 300 ሜጋባይት ነው፣ ከሠርግ ቪዲዮ ያነሰ። ሰው ግን አራት ሺህ ዘፈን ሞልቶ ይመጣና አንዱን ሲፈልግ መቂ ይደርሳል። ሰባ ዘፈን ይበቃችኋል።

የፋይሎቹን ስም በአማርኛ አትጻፉ። እኔም ያመኛል፣ ግን ብዙ ቴፕ ፊደላችንን አያውቀውም፣ አራት ማዕዘን ሳጥን ደርድሮ ያሳያችኋል። በቁጥር ጀምሩ፦ 001፣ 002 እያላችሁ። ወደ ፍላሹ ስትገለብጡም በዚያው ቅደም ተከተል ገልብጡ፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ቴፕ የሚያጫውተው በፊደል ተራ ሳይሆን መጀመሪያ የተገለበጠውን አስቀድሞ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር። ከካሴት ወደ ኮምፒውተር የተገለበጡት የድሮ ዘፈኖች ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፣ የዘንድሮዎቹ ደግሞ ጆሮ ይበጥሳሉ። ለጥላሁን ብላችሁ ቮልዩሙን ትጨምራላችሁ፣ ቀጥሎ የሚመጣው አፍሮቢት ሕፃኑን ከእንቅልፉ ያስፈነጥረዋል። ኤምፒ3 ጌይን የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ሁሉንም ዘፈን አንድ ላይ አስገብታችሁ ድምፃቸውን ያመጣጥንላችኋል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

3. ሰዎቹን ጠይቁ፣ ግን አጠያየቁን እወቁበት

ለአንድ ሰው አሥር አሥር ዘፈን፣ ከዚያ በላይ አይፈቀድም። ለቀሪው እናንተ ትሞሉታላችሁ።

ልጆች ቀላል ናቸው፣ ሳይጠየቁ ይናገራሉ። የስምንት ዓመቱ ልጄ ስለ አንበሳ የሚያወራ አንድ የልጆች መዝሙር አለው፤ ከአሥሩ አሥሩም እሱ ነው። «አሥር ጊዜ ነው የምፈልገው» አለኝ። ተደራድረን ሦስት ላይ ቆምን።

ከባዱ አባዬ ነው። «አባዬ ምን ልጫንልህ?» ስለው «ለእኔ አታስቢ» አለኝ። የአገራችን ሰው ለእኔ አታስቢ ሲል አስቢልኝ ማለቱ ነው፤ ይሄን ካላወቃችሁ ሽማግሌ ይዛችሁ መንገድ አትውጡ። ሁለተኛ ቀን ጥያቄውን ቀየርኩት። «አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላህ ሰፈራችሁ ሬዲዮ የነበረው ማን ቤት ነው?» አልኩት። ሬዲዮውን ነገረኝ፣ ባለሬዲዮዋን ነገረኝ፣ ሴትየዋ ጠላ እንደሚጠምቁና ሬዲዮውን መስኮት ላይ እንደሚያስቀምጡት ነገረኝ፣ ከዚያ በዚያ መስኮት የወጡትን ዘፈኖች አንድ በአንድ ቆጠረልኝ። አሥራ አራት ሆኑ። ደንቡን ጥሼ ሁሉንም ጫንኩለት።

አንድ ነገር ቀን ቆጥራችሁ እዩ። ጾም ከሆነ፣ በተለይ ሁዳዴ፣ መኪና ውስጥ ዘፈን የማይሰማ ሰው ሊኖር ይችላል። ሳትጠይቁ ከፍታችሁ ከማስቀየም መዝሙርና በገና በተለየ ፎልደር ያዙ። የዓለሙ አጋ በገና ጠዋት ሲነጋጋ መኪና ውስጥ እንዴት እንደሚሰማ ልነግራችሁ አልችልም። መንዙማ የሚሰማ ካለም እንዲሁ።

4. ዘፈኑን በመንገዱ ልክ ክፈሉት

ትልቁ ስህተቴ ባለፈው ዓመት ተራውን በሰዓት መክፈሌ ነበር። «ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት የአንቺ፣ ከሁለት እስከ ሦስት የእሱ» ስል ልጆቹ ሰዓት ቆጣሪ ሆነው አረፉት። ዘንድሮ በመንገዱ ከፈልኩት፣ አራት ፎልደር።

ከቤት እስከ ሞጆ። ሰው ገና እንቅልፉን አልጨረሰም። ግጥም ያለው ነገር አትክፈቱ። እኔ ሙላቱ አስታጥቄን ነው ያደረግኩት፣ ዝቅ አድርጌ። ማንም አይቃወምም፣ ማንም አብሮ አይዘፍንም፣ ልጆቹ ተመልሰው ይተኛሉ።

ከሞጆ እስከ ባቱ። ፈጣን መንገዱ ነው፣ ቀጥ ያለ፣ ሜዳ፣ ግራር ብቻ። ሹፌር የሚያንቀላፋው እዚህ ነው። ስለዚህ ሁሉም የሚያውቀውና አብሮ የሚጮህበት ዘፈን ይግባ። የሠርግ ዘፈን፣ ቴዲ አፍሮ፣ ንዋይ ደበበ፣ አስቴር አወቀ፣ ሆ የሚባልበት ሁሉ። ግን ሹፌሩን እዩት። የእኛ ሰውዬ ምቱ በጨመረ ቁጥር እግሩ ይከብዳል፤ አንድ እስክስታ መሀል ላይ የፍጥነት ቆጣሪውን አይቼ ዘፈኑን ራሴ ነኝ የቀየርኩት። ለዘፈን ምርጫ ድምፅ የምንሰጠው ሁላችን ነን፣ አጥፉ የማለት መብት ግን የሹፌሩና ከጎኑ የተቀመጠችው ሴት ነው።

ባቱ ላይ ውረዱ። ዓሣ ብሉ። ቴፑም ይረፍ።

ከባቱ እስከ ሻሸመኔ። አሁን መንገዱ የድሮው ነው። አዳሚ ቱሉ፣ ቡልቡላ፣ አርሲ ነገሌ። ከብት ይሻገራል፣ ጋሪ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ልጅ ከየትም ይወጣል። ከተማ ስትገቡ ቮልዩሙን ዝቅ አድርጉ። የሌላውን ጥሩንባ ካልሰማችሁ ዘፈኑ ምን ይሠራላችኋል? እዚህ ላይ የኦሮምኛ ዘፈን አስገቡ፣ የሰዎቹን አገር እያቋረጣችሁ የእነሱን ካልሰማችሁ ያሳፍራል። እኔ አሊ ቢራን ነበር የጫንኩት። ነገሌ መግቢያ ላይ ከኋላ ወንበር ወፍራም ድምፅ አብሮ መዝፈን ጀመረ። አባዬ ነው፣ በኦሮምኛ። ኦሮምኛ እንደሚችል እኔ ልጁ አላውቅም ነበር! በ1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ጊዜ እዚሁ አካባቢ ገጠር ውስጥ ነበርኩ አለ፣ ፊደል ላስተምር ሄጄ ቋንቋ ተምሬ ተመለስኩ አለ፣ ከዚያ መስኮቱን ከፍቶ አንድ የባህር ዛፍ መስመር በጣቱ አሳየንና «ያኔ አልነበረም» ብሎ ዝም አለ።

ከሻሸመኔ እስከ ሀዋሳ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ሬጌ። ሻሸመኔ ደርሶ ሬጌ አለመክፈት ነውር ነው። ዓፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 ለጥቁር ሕዝቦች የሰጡት 200 ሄክታር መሬት እዚሁ ነው፣ ጃማይካ ሰፈር የሚባለውም ከዚያ የመጣ ነው። ባለቤቴ በ1997 መስቀል አደባባይ በተደረገው የቦብ ማርሊ 60ኛ ዓመት ልደት ኮንሰርት ላይ ነበርኩ የሚለውን ታሪክ እዚህ ቦታ ላይ በየጉዞው ይደግመዋል። ለእሱም አምስት ደቂቃ መድቡለት።

5. የማይገናኙትን ጎን ለጎን አስቀምጡ

ይሄኛው ከሁሉም የምወደው ነው፣ እና በአጋጣሚ ነው ያገኘሁት።

አንደኛው ፎልደር ላይ ቁጥር ስሳሳት የልጄ የኮሪያ ዘፈን ከጥላሁን ገሠሠ ቀጥሎ ገባ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ቢቲኤስ የሚባሉትን ሰባት ልጆች ትወዳለች፣ ክፍሏ ግድግዳ ላይ ከእኛ ፎቶ የእነሱ ይበዛል። ዘፈኑ ሲጀምር አባዬ ፊቱን አጨማደደ። እሷ ቀድማ ተከላከለች፣

«አባባ፣ እነዚህ እኮ ወታደር ቤት ገብተው ነው የወጡት።»

«ምን አጥፍተው?»

«ምንም! ሕጉ ነው። ኮሪያ ወንድ ሁሉ ይሄዳል። ተራ በተራ ሄዱ፣ የመጨረሻው ሰኔ ላይ ጨርሶ ወጣ። እየጠበቅናቸው ነበር።»

አባዬ ትንሽ አሰበና «የእኛዎቹም ወታደር ነበሩ» አላት። ማን? አለችው። አሁን የሰማሽው ጥላሁን። ማሕሙድ አሕመድ። ብዙነሽ በቀለ። ሁሉም ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ነው የዘፈኑት። ልጅቷ መጀመሪያ ስልኳን አስቀመጠች። ከዚያ እሱ ቀጠለ። በ1943 ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ጦርም ከዚያው ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣ ነው አላት፣ ሰፈራችን ውስጥ ከዚያ የተመለሰ አንድ ሰው ነበር፣ በሰከረ ቁጥር የኮሪያ ዘፈን ይዘፍናል፣ እኛ ልጆች ቃሉን ሳናውቀው አብረነው እንጮኻለን። «እስቲ ዝፈነው» አለችው። ሞከረ። ምንም አልገባትም፣ ግን «ዜማውን አውቀዋለሁ፣ አሪራንግ ነው!» ብላ ከወንበሯ ልትነሳ ስትል ቀበቶው ያዛት።

ቴፑን አጠፋሁት። ለሃያ ደቂቃ ማንም ክፈቺው አላለኝም።

ስለዚህ እንደዚህ አድርጉ። ከአሮጌው ቀጥሎ አዲሱን አስቀምጡ፣ ግን ዝም ብላችሁ አይደለም፣ በመሀላቸው አንድ ክር ፈልጉ። ከብዙነሽ ቀጥሎ አስቴርን። ወይ ደግሞ ይሄን ሞክሩ፦ ራፐሩ ናስና የቦብ ማርሊ ልጅ ዴሚያን እ.ኤ.አ. በ2010 አብረው ባወጡት አልበም ላይ የሙላቱን ሙዚቃ ቆርጠው ተጠቅመውበታል። መጀመሪያ የእነሱን ክፈቱ፣ ወዲያው የሙላቱን። ራፕ እሰማለሁ የሚል ጎረምሳ ካላችሁ ፊቱን እዩት።

ከእነዚህ ጥንድ ዘፈኖች በኋላ የሁለት ደቂቃ ባዶ ድምፅ ያለው ፋይል አስገቡ። ስልክ ላይ ድምፅ መቅጃውን ከፍታችሁ ዝም ብላችሁ ብትይዙት ይሠራል። ወሬ የሚጀመረው ዝም ሲባል ነው፣ ቀጣዩ ዘፈን ቸኩሎ ከገባ ግን ይሞታል። ወሬው ሲጀመር ደግሞ ያንኑ መቅጃ ክፈቱ። እኔ የኮሪያውን አልቀዳሁም፣ እስካሁን ይቆጨኛል። የነገሌውን ግን ቀድቻለሁ፣ የባጃጅ ጥሩንባ አለበት።

6. ሰው ሲሰለች

አራት ሰዓት ከተጓዛችሁ በኋላ የትኛውም ዘፈን ያስጠላል። ያን ጊዜ ጨዋታ። ዘፈኑን ከፍታችሁ ከሁለት ሴኮንድ በኋላ አቁሙት፣ ዘፋኙን ቀድሞ ያወቀ አንድ ሃምሳ ሎሚ ከረሜላ ይወስዳል። አባዬ ገና ጥሩንባው ሲነፋ ያውቃል፣ ሁሉንም ከረሜላ ጠራርጎ ወሰደና ለልጆቹ መልሶ በጥያቄ ሸጠላቸው። እንቆቅልህም አለ፣ አገር ስጠኝ የሚለው ነገር መንገድ ላይ ይጣፍጣል፤ የምታልፉበትን ከተማ ነው የምትሰጡት። ልጄ ቡልቡላን ሰጥቶ ሀዋሳን አልሰጥም አለ።

ረጅም ወሬ የምትወዱ ከሆነ ሸገር ላይ መዓዛ ብሩ የምታቀርበውን «የጨዋታ እንግዳ» አስቀድማችሁ አውርዱ። አንድ እንግዳ ብቻውን ከባቱ ነገሌ ያደርሳችኋል።

የሚያስመልሰው ልጅ ካለ ስልክ አይይ፣ መስኮት ከፈት ይደረግለት፣ ሎሚ ያሽትት፣ ፌስታል በእጁ ይያዝ። ባሱን ደግሞ ቀንሱለት፣ ለሆዱ ጥሩ አይደለም። ቢያንስ የእኔ ልጅ እንደዚያ ነው የሚለው፣ ምናልባት የእህቱን ዘፈን ለማስጠፋትም ሊሆን ይችላል።

ሀዋሳ ስትገቡ ዝጉት። መስኮቱን አውርዱ። ሐይቁ ይሸታል፣ አባ ኮዳዎቹ እንደ ጡረተኛ ዳኛ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆመዋል፣ በማግስቱ ጠዋት አሞራ ገደል ወርዳችሁ ዓሣ ስትበሉ የትኛውም ዘፈን አያስፈልጋችሁም።

7. መልሱ

ለመልስ ጉዞ አዲስ ፎልደር አታዘጋጁ፣ ድካም ነው። ሁሉም ይተኛል፣ ለሹፌሩ ብቻ የሚወደውን አንድ ፎልደር ክፈቱለትና አጠገቡ ሳትተኙ ቁጭ በሉ።

ቤት ስትደርሱ ደግሞ ፍላሹን ንቀሉ። የእኛ ቴፑ ላይ ተረስቶ ባለቤቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቢሮ ሲሄድ ያንን የአንበሳ መዝሙር ሲሰማ ከረመ። ለምን አልነቀልከውም ስለው «ለምጄው» አለኝ።